ቀዩን ወደ ራሱ ቤት ያዞረው ፈይሳ

ባለቤቴ ፈይሳ በተቀበረ ማግሥት ድንኳኑ ውስጥ የተሰቀለው አምፖል የዕድራችንን ዳኛ የኦቦ ገመቹን ራስ ሦስት ጊዜ መታው። ኦቦ ገመቹ ረጅም ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ጊዜ ዝም አሉ፤ በሁለተኛው ቀና ብለው አዩት፤ በሦስተኛው ግን ለቅሶ ላይ መሆናቸውን ረስተው «ያ ፈይሳ! ይሄን እዚህ ማን ሰቀለው?» ብለው ባሌን ተጣሩ። ወዲያው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። በሰፈሩ ውስጥ አምፖል የት እንደሚሰቀል የሚያውቀው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ትናንት ቀብረነዋል።

እኔ እያለቀስኩ ሳቄ መጣ። ሴቶቹ የባሰብኝ መስሏቸው ውኃ አመጡልኝ።

ስለ እሱ መጻፍ የጀመርኩት ከዚያ ሳቅ በኋላ ነው። የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ አንዳንድ ቀን ከሁለት ሦስት መስመር አያልፍም።

ፈይሳ የመድረክ መብራትና ድምፅ በኮምፒውተር የሚነድፍ ሰው ነበር። መብራትና ሞንታርቦ የሚያከራይ ቤት ተቀጥሮ ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለመንፈሳዊ ጉባኤ ይሠራል። ሌሎቹ ባለሙያዎች ቦታው ሲደርሱ ሽቅብ አየት ያደርጉና «እዚህ ጋ ስቀለው» ይላሉ። ፈይሳ ግን ከሳምንት በፊት ሜትሩን ይዞ ሄዶ ሜዳውን ይለካል፤ ቤት ይመጣና የንድፍ ፕሮግራሙን ከፍቶ እያንዳንዷን መብራት፣ እያንዳንዱን ገመድ፣ መድረክ ላይ የሚቆመውን ሰው ሳይቀር ይስላል። ሰው ከላይ ሲታይ ክብ ነው። ፊቱ ወዴት እንደዞረ እንዲታወቅ ክቡ ላይ ትንሽ አፍንጫ ያደርግለታል። «መብራት ሰው ላይ ከመውደቁ በፊት ወረቀት ላይ ይውደቅ» ይል ነበር።

ኮምፒውተሩን ያመጣው ፍሪጅ ሊገዛ በወጣበት ቀን ነው።

«ወተቱስ የት ይቀመጥ?» አልኩት።

«ዛሬውኑ እንጠጣዋለን» አለኝ።

ቡራዩ ሰፈራችን ውስጥ መብራት ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ከኮምፒውተሩ ጋር የገዛው ባትሪ የሚይዘው ሰባት ደቂቃ ብቻ ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ጢጥ ጢጥ እያለ ይጮሃል። በእነዚያ ሰባት ደቂቃዎች ፈይሳን ማነጋገር አይቻልም። ሥራውን አስቀምጦ ሲጨርስ ይዘጋውና ሻማ እንዳበራለት ይጠይቀኛል። የሰው ሁሉ መድረክ የሚደምቅበትን ብርሃን እንዲህ በሻማ ተቀምጦ ያስብ ነበር።

አንድ ጊዜ ሱሉልታ ለሠርግ ሊለካ በሄደበት ሜዳ ላይ ፈረስ ታስሮ አገኘ። ፈረሱንም ለካው። ገመዱ አራት ሜትር ስለሆነ ፈረሱ ሊደርስበት የሚችለውን ቦታ በሙሉ በክብ አሰመረና ገመድም መብራትም እንዳይገባበት አደረገ። የሠርጉ ዕለት ሲደርሱ ፈረሱ የለም። ፈይሳ ንድፉን ይዞ ባዶውን ቦታ ሲያይ ቆየና የፈረሱን ባለቤት ፈልጎ አገኘው።

«ኦቦ፣ ፈረሱ የት ሄደ?»

«ለእናንተ ብዬ ነዋ ያነሣሁት።»

«ይመልሱት እባክዎ። ንድፉ ላይ አለ።»

ፈረሱ ተመለሰ። ሙሽሮቹ የተነሡት ፎቶግራፍ ሁሉ ላይ ይታያል። ከሚዜዎቹ የተሻለ ብርሃን ያገኘው እሱ ነው።

ሰበታ ደግሞ የአንድ ፋብሪካ ምርቃት ነበር። የክብር እንግዳው ንግግር ሲያደርጉ ከብርሃኑ አንድ እርምጃ ወጥተው ቆሙ። ፈይሳ ከመቆጣጠሪያው ተነሣ፣ መድረኩ ላይ ወጣ፣ የእንግዳውን ክርን ይዞ አንድ እርምጃ አስጠጋቸውና ወረደ። ጠባቂዎቹ እስከ ማታ ይዘውት ዋሉ። ሲለቁት የጠየቃቸው ጥያቄ አንድ ነበር። «ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሱም አይደል?»

እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን አውቃችሁልኝ ከሆነ፣ ወደ ኦቦ ገመቹ ልጅ ሠርግ ልሂድ።

ቤታችን ከኦቦ ገመቹ እርሻ ዳር በውል በገዛናት ቁራሽ መሬት ላይ የቆመች የጭቃ ቤት ናት፤ ጣሪያዋም አጥሯም ቆርቆሮ ነው። ካርታ የላትም። የጎረቤቶቻችንም እንደዚያው ነው። ጊዜው ማስተር ፕላን የሚባለው ነገር አገሩን የናጠበት ነበር። አዲስ አበባ በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች ልታጠቃልል ነው፣ ገበሬው ከመሬቱ ሊነሣ ነው ተብሎ ተማሪው ወጣ፤ ዛሬ መንገድ ይዘጋል፣ ነገ ታክሲ ይቆማል፣ ከነገ ወዲያ የተኩስ ድምፅ እንሰማለን። ፍርሃቱ በከንቱ አልነበረም፤ መሬት የተወሰደበት ዘመድ የሌለው ሰው በሰፈራችን አልነበረም። ፕላኑን ግን በዓይኑ ያየ አንድም ሰው የለም። ስላላየው ሁሉም ያውቀዋል። አንዱ አዲሱ መንገድ በየትኛው ጓሮ እንደሚያልፍ ይነግርሃል፤ ሌላው የማን ቤት አትክልት ቦታ እንደሚሆን።

ኦቦ ገመቹ ልጃቸውን ሲድሩ ፈይሳ «መብራቱና ድምፁ የኔ ስጦታ ነው» አለ። የሚሠራበት ቤት ሁለቱን ትልልቅ ሞንታርቦዎች ሊያውሰው ተስማማ። ሠርጉ የሚደገሰው ሰፈሩ መሀል ባለው ሜዳ ላይ ነው። እኛ ዘንድ የሠርግም የለቅሶም ድንኳን የሚተከለው እዚያው ነው። ፈይሳን ያሳሰበው በሜዳው ዙሪያ ያለው ቆርቆሮ ነበር።

«ድምፅ ቆርቆሮ ሲያገኝ ያብዳል» አለኝ። «ሞንታርቦው የዞረበት ቤት ይንቀጠቀጣል።»

ስለዚህ ከሞንታርቦዎቹ እስከ እያንዳንዱ ቤት ያለውን ርቀት ለካ።

«ፈይሳ፣ በዚህ ጊዜ የሰው ቤት በሜትር ይለካል?» አልኩት።

«ቤታቸውን መች ለካሁ? በመሀል ያለውን ነው የለካሁት።»

አሥራ አራት ቤቶችን ሳለ። ለሁሉም ቁጥር ሰጣቸው። ድምፁ የሚበረታበትን ቦታ ደግሞ ከሞንታርቦው ተነሥቶ እንደ እጅ ባትሪ ብርሃን እየሰፋ በሚሄድ ቀይ ቀለም ቀባው። ቀዩ አምስት ቤቶች ላይ ወደቀ። ከታች ጥግ ላይ «ነዳፊ፦ ፈይሳ» ብሎ ስሙን በሳጥን ውስጥ ጻፈ። ስሙን መጻፍ ይወድ ነበር።

አስፋልቱ ዳር ትልልቅ ወረቀት የምታትም ትዕግሥት የምትባል ልጅ አለች። መጀመሪያ ያተመችለት ወረቀት ላይ ቀለሙ ትንሽ ስለተጎተተ ፈይሳ አልቀበልም አለ። እንደገና አተመችለት። ያንን የተበላሸውን ግን መጣል አሳዘናት፤ በሕይወቷ ያን የመሰለ ባለ ቀለም ነገር አትማ አታውቅም። ሱቋ መስታወት ላይ ለጠፈችውና ከሥሩ «ማንኛውንም ፕላን እናትማለን» ብላ ጻፈችበት።

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት አዴ ጫልቱ ቆመዋል። ከሜዳው ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ ትልቅ ሴት ናቸው። እጃቸው ላይ ከመስታወቱ የተገነጠለው ወረቀት አለ፤ ከኋላቸው ደግሞ አርባ የሚሆን ሰው።

«ያ ፈይሳ፣ የኔ ቤት ስንተኛው ነው?»

ፈይሳ ደስ አለው። ስለ ንድፉ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«ዘጠነኛው ነው፣ አዴ።»

«ቀይ ነው?»

«አዎ፣ ሙሉ በሙሉ ቀይ ነው።»

ከኋላ ጩኸት ተነሣ። ፈይሳ አሁንም አልገባውም፤ ይባስ ብሎ «የማርቆስ ግን ነጻ ነው» ብሎ ጨመረላቸው።

«መቼ ነው የሚፈርሰው?» አሉ አዴ ጫልቱ።

«ምኑ?»

«ቤቴ ነዋ!»

«አይፈርስም፣ አዴ። ይንቀጠቀጣል እንጂ። ይሄ እኮ ድምፅ ነው።»

«ድምፅ ደግሞ ይሳላል እንዴ?» አለ ማርቆስ። ከወላይታ መጥቶ ፋብሪካ የሚሠራ ጎረቤታችን ነው። «እኛ በየሳምንቱ እንዘምራለን፤ ተስሎ አይተን አናውቅም።»

«ሶባ!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። በኦሮምኛ ውሸት ማለቱ ነው።

«ዱጋ!» አለ ፈይሳ። እውነት ነው።

«ሶባ!»

በመስኮት ሳይ አጥሩ ሥር ድንጋይ የያዙ ሰዎች አየሁ። በዚያው ሳምንት ሌላ ሰፈር መሬት ሊቀይስ መጣ የተባለ ሰው ተደብድቦ ሆስፒታል ገባ ሲባል ሰምተን ነበር። እነዚህ ሰዎች ፈይሳን ካላመኑት እሱንም ይህችንም ቤት እንደማጣ ገባኝ። እሱ ግን ቆሞ ወረቀቱ ላይ ያለውን የቀለም ጉተታ እያሳያቸው ነበር። «ይሄኛውን እኔ አልተቀበልኩትም» ይላቸዋል።

ኦቦ ገመቹ ሰውን ከፍለው፣ በራችን ላይ ጎንበስ ብለው ገቡ።

«ኮምፒውተሩን ክፈተው» አሉ። «ሁላችንም እንይ።»

ሰው ቤቱን ሞላው። አልጋው ላይ የተቀመጠ አለ፣ በመስኮት አንገቱን ያስገባ አለ። ፈይሳ ንድፉን ከፈተ።

«እዩ፣ ቤቶቹና ድምፁ ለየብቻ ነው የተሳሉት» አለና ቤቶቹን ለጊዜው የሚሰውረውን ምልክት ተጫነ። አሥራ አራቱም ቤቶች ከስክሪኑ ላይ እልም አሉ።

አዴ ጫልቱ እሪ አሉ። «በአንድ ጣቱ! በአንድ ጣቱ ጠራረገን! መልስ! አሁኑኑ መልስ!»

መለሳቸው። ማርቆስ ተንደርድሮ ወጣና ቤቱ መቆሙን አይቶ እያለከለከ ተመለሰ። «አለ» አለ። ሰው ሁሉ ተነፈሰ።

ኦቦ ገመቹ አሰቡ፣ አሰቡና «ድምፅ ከሆነ እንግዲህ የጫልቱን ቤት ከቀዩ አውጣላት» አሉ።

እኔ በልቤ እሺ በል፣ እሺ በል አልኩ። አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው። ፈይሳ ራሱን ነቀነቀ።

«አልችልም፣ ኦቦ። ድምፁ ይደርሳቸዋል። ሰርዤ ብሰጣቸው የሠርጉ ቀን ቤታቸው ይንቀጠቀጥና ውሸታም እባላለሁ።»

ደጅ ላይ ድንጋይ የያዘ ሰው ቆሞ፣ እሱ የሚፈራው የሠርጉን ቀን ነበር።

«ሞንታርቦውን ግን ማዞር እችላለሁ» አለ።

አዞረው። ቀዩ ከአዴ ጫልቱ ቤት ላይ ተነሥቶ ወደ ግራ ሄደና አራት ቁጥር ላይ አረፈ።

«ኧረ! አራት የኔ ነው!» አለ ማርቆስ።

እንዲህ ተጀመረ። ያን ከሰዓት በኋላ አርባ ሰው አንዲት ክፍል ውስጥ ታጭቆ ሞንታርቦ ሲያዞር ዋለ። «ትንሽ ወደ ላይ!» «እኔ ጋ ደረሰ፣ አቁም!» አንዷ ጓሮ ያለው ሽንት ቤቷ ብቻ ቀይ ቢሆን ቅር እንደማይላት ተናገረች። አንዱ ወደ ፈይሳ ጆሮ ጠጋ ብሎ «ሰባትን ቀይ አድርገው፤ ለሰባት ይገባዋል» አለው። ሰባት ቁጥር ከኋላው ቆሞ ነበር፤ በግልግል ተለያዩ። በዚህ መሀል መብራት ጠፋና ባትሪው ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ።

«ምንድን ነው?» አሉ አዴ ጫልቱ።

«ሰባት ደቂቃ አለን» አለ ፈይሳ። «ካላስቀመጥኩት የሠራነው ሁሉ ይጠፋል፤ ሁላችሁም ወደ ድሮው ቀለማችሁ ትመለሳላችሁ።»

አርባ ሰው እስትንፋሱን ያዘ። ፈይሳ አስቀመጠው። አዴ ጫልቱ ግን አላመኑም፤ «ድገመው» አሉት። ደገመው።

ሻማ አብርተን ጠበቅን። መብራቱ ሲመጣ ፈይሳ ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። የኛ ቤት አሥራ አንድ ቁጥር ነበር።

«አስቴር፣ ሁሉም ነጻ የሚወጣው እኛ ላይ ከወደቀ ብቻ ነው። ትችይዋለሽ?»

«ምኑን?»

«መንቀጥቀጡን።»

እችለዋለሁ አልኩት። ሁለቱንም ሞንታርቦዎች አዞራቸው። ቀዩ ሜዳውን አቋርጦ መጥቶ ቤታችንን ሸፈናት። ቤታችን በየትኛውም የመንግሥት ካርታ ላይ የለችም፤ በሕይወቷ የወጣችበት ንድፍ ያ ብቻ ነው፤ እዚያም ላይ ቀይ ሆነች። ከደጅ በኩል ድንጋይ መሬት ላይ ሲጣል ሰማሁ፤ አንድ፣ ቆይቶም ሌላ።

ኦቦ ገመቹ ንድፉን እንደገና አሳተሙት። መጻፍ የሚችል ፈረመ፣ የማይችል በጣቱ አተመ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ዱጋ ይሁን ሶባ፣ የሠርጉ ቀን በጆሯችን እንሰማዋለን» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ደግሞ ከቀበሌ አንድ ሰው መጣ። ሕዝብ የፈረመበት ፕላን አለ ተብሎ ነው። ፈይሳ ስክሪኑ ላይ ሁሉንም አስረዳው። ሰውየው ሲሰማ ቆየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የኛ ጽሕፈት ቤት የታለ?»

«አልሳልኩትም፤ ሩቅ ነው።»

«አልተሳለም ማለት ምን ማለት ነው? ሊነሣ ነው?»

«ድምፁ አይደርሰውም ማለት ነው።»

ይህንኑ በጽሑፍ ካልሰጠኸኝ አለ። ፈይሳ ጻፈለት፦ ለጽሕፈት ቤታችሁ ድምፅ የማይደርስ መሆኑን እንገልጻለን። ሰውየው አመስግኖ ሄደ።

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ከታችኛው ሰፈር አንድ ተማሪ ሰልፍ ላይ በጥይት ተመቶ ሞተ። ኦቦ ገመቹ «ጎረቤቴ እያለቀሰ ሞንታርቦ አላስጮህም» አሉ። ልጃቸው ያለ ሙዚቃ ተዳረች። ሞንታርቦዎቹ በላስቲክ እንደተሸፈኑ ሜዳው ላይ ቆመው ዋሉ። ለቅሶውም ላይ ሠርጉም ላይ ከፈይሳ ጋር ነበርኩ። ማታ ገመዱን ሲጠቀልል ብቻ «ሳይሰሙት ቀረ» አለኝ።

ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። ዓመታት አለፉ። ሰፈሩ ግን ፈይሳን በግማሽ ልቡ ነበር የሚያምነው። አይጠሉትም፤ ይቀልዱበታል። አዴ ጫልቱ ባገኙት ቁጥር «አካም ጅርታ ፈይሳ፣ ቤቴ ዛሬ ቀለሙ ምንድን ነው?» ይሉታል። እሱ ቀልድ አያውቅም፤ «ነጭ ነው፣ አዴ» ይላቸዋል። ሜዳው ላይ ሠርግ በተደገሰ ቁጥር ሄዶ ያያል፤ ሰዎቹ ያመጡት ትንሽ ሞንታርቦ ይሆናል። «ይሄ አይቆጠርም» ብሎ አዝኖ ይመለሳል።

ኩላሊቱ ታሞ በተኛበት የመጨረሻ ሳምንት እንኳን «ኦቦ ገመቹ ያን ወረቀት ጥለውት ይሆን?» አለኝ።

«ልጠይቃቸው?»

«ተዪው። የታመመ ሰው ጠየቀን ብለው ይሉኝታ ይይዛቸዋል።»

የሣልስቱ ቀን የሥራ ባልደረቦቹ ሁለቱን ትልልቅ ሞንታርቦዎች ጭነው መጡ። አክብሮታቸው እንደዚያ ነው። እንደመጣላቸው አቆሟቸው። ጸሎቱ አለቀና ኦቦ ገመቹ ለቀስተኛውን ሊያመሰግኑ ማይኩን ያዙ። ገና አፋቸውን ሲከፍቱ አዴ ጫልቱ ከሜዳው ማዶ ነጠላቸውን እየጎተቱ ሮጠው መጡ።

«ቤቴ ሊወድቅ ነው! ብርጭቆው ሁሉ ይንጫጫል!»

«ጫልቱ፣ አንቺ እኮ ቀይ አይደለሽም!» አሉ ኦቦ ገመቹ። ማይኩ እጃቸው ላይ ስለነበር ሰፈሩ በሙሉ ሰማ።

ያሉትን ራሳቸው ሰሙት። ማይኩን አስቀመጡና አምፖሉን በእጃቸው ገፋ አድርገው ወጡ። ሲመለሱ ያቺን የታጠፈች ወረቀት ይዘዋል። ባልደረቦቹ ዘርግተው አነበቧት፤ ሜትር አወጡ፣ ለኩ፣ ሞንታርቦዎቹን አንድ በአንድ አዞሩ። ኦቦ ገመቹ ለቀስተኛውን «ሁሉም ወደየቤቱ ገብቶ ይስማ» ብለው በቁጥር ሰደዱት። ጥቁር የለበሰ ሰው በየቆርቆሮው አጥር ጆሮውን ደግኖ ቆመ።

«አስቴር፣ አንቺም ግቢ፤ አሥራ አንድ ያንቺ ነው» አሉኝ።

ገባሁ፤ በሩን ዘጋሁ። «አንድ፣ ሁለት» አሉ ኦቦ ገመቹ በማይኩ። መጀመሪያ ቆርቆሮው ጀመረ። ቀጥሎ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሩን የሸፈንኩበት ጨርቅ ጫፍ። ከውጭ ሰዎች ከየበራቸው ይጣራሉ።

«አራት ደህና ነው!»

«ሰባት፣ ምንም የለም!»

«ዘጠኝ!» የአዴ ጫልቱ ድምፅ ነው። «ብርጭቆዬ ቆሟል! ኧረ ቆሟል!»

«አሥራ አንድስ?» አሉ ኦቦ ገመቹ።

ግድግዳውን በመዳፌ ያዝኩት፤ እጄ አብሮት ተንቀጠቀጠ። የመለሰላቸው ቆርቆሮው ነው። ሜዳው ድረስ ይሰማ እንደነበር በኋላ ነገሩኝ።

ከዚያ ኦቦ ገመቹ ማይኩን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉት ሰማሁ።

«ዱጋ ነው» አሉ። «ፈይሳ የነገረን እውነት ነው።»

ሌሎቹ ምን ያህል እንደተሰማቸው አላውቅም። እሱ እንደነደፈው ከሆነ፣ ከሁሉ አብልጦ የደረሰው እኛ ቤት ነው።